ጋብቻና ክህነት፦ አብያተ ክርስቲያናትን ያለያየው ክርክር

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም ከውጭ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። ወደ ውስጥ ለዘለቀ ግን ክቡ ግድግዳ በጉያው የያዘው ሌላ ሕንፃ አለ፤ ከተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ጥንታዊ ሕንፃ። ስሟ በሊቃውንት ዘንድ የገነነው ግን በሕንፃዋ ሳይሆን በድጓዋ ነው። ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ተማሪ ወደ ዙር አምባ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የቅዱስ ያሬድን ድጓ ዘልቆ ለመምህርነት የሚበቃ ሰው የሚያስመሰክረው በቤተ ልሔም ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ ዓመታትን ያሳለፈ ስንት ልጅ በዚህ ደጅ አልፏል።

ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ዲቁና የተቀበሉ ናቸው። ዲያቆኑ ጎልምሶ ወደ ቅስና ሲቃረብ ግን ድጓው የማይመልስለት ጥያቄ ከፊቱ ይደቀናል፤ ያገባል ወይስ ይመነኩሳል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሦስተኛ መንገድ የለም። ቄስ ለመሆን የሚሻ ዲያቆን አስቀድሞ ከአንዲት ድንግል ጋር በተክሊልና በቁርባን መጋባት፣ አለዚያም ምንኩስናን መቀበል አለበት። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት አይፈቀድለትም። ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አግብቶ በክህነቱ መቀጠል አይችልም። ጳጳስ የሚሾመው ደግሞ ከመነኮሳት መካከል ብቻ ነው።

የዚህን ሥርዓት ክብደት ለመረዳት በየአጥቢያው ያለውን የጋብቻ ልማድ ማስታወስ ይበቃል። ገበሬው በአብዛኛው የሚጋባው በሰማንያ ነው። የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሌዎች ፊት የሚታሰር ውል ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ካልተስማሙ በሽማግሌዎች ፊት ሀብታቸውን ተካፍለው ይለያያሉ። ብዙዎች ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ጋብቻቸውን በቁርባን የሚያጸኑት ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው። ከቁርባን በኋላ መፋታት የለምና ገና በወጣትነቱ የሚደፍረው ጥቂት ነው። ዲያቆኑ ግን መጠበቅ አይችልም፤ ምእመኑ በሽምግልናው የሚገባበትን የማይፈታ ቃል ኪዳን እርሱ በጉርምስናው ይገባበታል። ያን ቃል ኪዳን ያፈረሰ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ከሥርዓቱ ውጭ ያገባ እንደሆነ፣ ድጓውንና ቅኔውን ማንም አይነጥቀውም፤ ደብተራ ሆኖ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ይዘምራል፣ ይቀኛል፣ ያስተምራል። ወደ መቅደሱ ገብቶ መቀደስ ግን አይችልም። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ የሊቅነትና የክህነት ድንበር የሚሰመረው በጋብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ያስቀደምነው ከሩቅ አገር የሚሰማውን ክርክር ለመረዳት ቁልፉ እዚሁ ስለሆነ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ በአውሮፓና በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተነሣው ውዝግብ ወደ እኛ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በቁጣና በወሬ ተለውሶ ነው። ሲበጠር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ጋብቻ ምንድን ነው፣ ድንበሩንስ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ማን ይሾማል የሚለው ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ የሚንቀሳቀሰው፣ የዲያቆኑ ምሳሌ እንደሚያሳየው፣ ጋብቻና ክህነት ከጥንት ጀምሮ በአንድ ገመድ የተቋጠሩ ስለሆኑ ነው።

ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሁለቱም ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ይቆጠራሉ። ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ተክሊልና ክህነት የማይታይ ጸጋ በሚታይ ምልክት የሚሰጥባቸው ናቸው ተብሎ ይታመናል። ምሥጢር ደግሞ የተቀበሉት እንጂ የሠሩት አይደለም፤ ስለዚህ ሲኖዶስም ቢሆን ይጠብቀዋል እንጂ አይለውጠውም የሚል ነው ትምህርቱ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ካህናትና ስለ ጋብቻ በየአንቀጹ በሰፊው የሚደነግገውም ከዚሁ እምነት ተነሥቶ ነው።

የሉተራውያን አካሄድ ሌላ ነው። የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ ገና ሲጀመር ከተነሡት ክርክሮች አንዱ ራሱ የጋብቻና የክህነት ጉዳይ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መነኩሴና ካህን የነበረው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1525 ምንኩስናዋን የተወች ሴት አገባ። ከምሥጢራቱም ጥምቀትንና ቁርባንን ብቻ አስቀርቶ፣ ጋብቻ እግዚአብሔር የመሠረተው ሆኖ ሳለ አስተዳደሩ ግን የዚህ ዓለም ሹማምንት ጉዳይ ነው ሲል አስተማረ። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተነሡት የሥነ መለኮት ሰዎች በሁለት ጎራ ሲከፈሉ ሁለቱም የሚጠቅሱት ይህንኑ ትምህርት ነበር።

በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሉተራውያን አካል የሆነው የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ ባካሄደው ጉባኤ ስለ ሰው ልጅ ፍትወተ ሥጋና ጋብቻ የተዘጋጀ ሰፊ ሰነድ ለድምፅ አቀረበ። ሰነዱ ለመጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 676 ደገፉ፣ 338 ተቃወሙ። ቁጥሩን የደመረና ያካፈለ ሰው የሚያገኘው ልክ ሁለት ሦስተኛውን ነው፤ አንድ ድጋፍ እንኳ ቢጎድል ይወድቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ጉባኤው በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት በታማኝነት የሚኖሩ ሰዎች በአገልጋይነት መሾም እንዲችሉ በ559 ድምፅ ወሰነ፤ 451ዱ ተቃወሙ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም.፣ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም ወሰነች። የስዊድን መንግሥት ሕጉን የለወጠው በዚያው የፈረንጆች ዓመት በኤፕሪል ወር መጀመሪያ ላይ ነበር።

ውሳኔውን የደገፉት ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎን ትተነዋል አላሉም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ያወገዘው በዘመኑ የነበረውን የዝሙትና የብዝበዛ ግንኙነት እንጂ ዛሬ ሁለት ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በታማኝነት ለመኖር የሚገቡትን ቃል አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ጋብቻም የዚህ ዓለም ሥርዓት ከሆነ፣ ጎረቤትን በሚጠቅም መንገድ ሊሻሻል ይችላል አሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ጉዳዩ በአንድ ጥቅስ ላይ የቆመ አይደለም የሚል መልስ ሰጡ። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ ሰው ወንድና ሴት ሆኖ መፈጠሩን፣ ክርስቶስም በማቴዎስ ወንጌል ስለ ፍቺ ሲጠየቅ መልሱን የመሠረተው በዚያው በፍጥረት ሥርዓት ላይ መሆኑን ጠቀሱ። ሹማምንት ጋብቻን ያስተዳድራሉ ማለት ምንነቱን ይለውጣሉ ማለት አይደለም ሲሉም ሞገቱ።

ይህ ክርክር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሚስዮን ታሪክ በኩል ነው። ለደቡብ ጎንደር ሰው የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነገር እንግዳ አይደለም፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ በ1858 ዓ.ም.፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መልእክተኞች ምጽዋ ደረሱ። ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ምድር መዝለቅ ነበር፤ መንገዱ ግን ረጅምና አስቸጋሪ ሆነባቸው። ከእነርሱና በኋላ ከመጡት የጀርመን፣ የኖርዌይና የሌሎች አገሮች ሚስዮናውያን ሥራ የበቀሉት ማኅበረ ምእመናን ተባብረው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስን አቋቋሙ። አጋጣሚ ሆኖ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ የሾመችው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነው። መካነ ኢየሱስ በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባል ሆነች።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካና በስዊድን የተወሰነው ነገር ለመካነ ኢየሱስ የባዕድ ዜና አልነበረም። ወንጌል ያመጣላት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያሠራላት፣ በአንድ ማዕድ አብሯት የቆረበ ወገን ውሳኔ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ ምክር ቤት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ወሰነ፤ ከጥር 19 እስከ 25 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው 19ኛው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ ውሳኔውን አጸደቀ። በወቅቱ ፕሬዚዳንቱ ቄስ ዶክተር ዋቅስዩም ኢዶሳ ነበሩ፤ ምእመኖቿም ወደ 6 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር።

ውሳኔው በስም የጠቀሰው የስዊድንን ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካን ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በይፋ የተቀበሉትን ሌሎችንም ይጨምራል። ከሁሉ የከበደው ክፍል ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚናገረው ነበር። የመካነ ኢየሱስ አባላት ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና አገልጋዮች እጅ እንዳይቆርቡ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ለእነርሱ እንዳታቆርብ ተወሰነ። ከደብዳቤና ከገንዘብ በላይ የሆነ መለያየት ነው። በእኛ ገጠር የተቀያየመ ሰው ሳይታረቅ እንዳይቆርብ የንስሐ አባቱ እንደሚከለክለው የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። ሁለቱ የውጭ አብያተ ክርስቲያናት ማዘናቸውን ገለጹ። ፌዴሬሽኑ ግን አልፈረሰም፤ ሦስቱም በአባልነታቸው ጸኑ።

ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች በወቅቱ የጠየቁት ስለ ገንዘብ ነበር፤ ድሃ አገር ያለች ቤተ ክርስቲያን የረጂዎቿን እጅ እንዴት ትገፋለች ብለው። ይህን የጠየቀ የመካነ ኢየሱስን ታሪክ አላነበበም። ከውሳኔው አርባ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የምዕራብ ረጂዎችን ወቅሳለች። ገንዘባችን ለልማት ብቻ ይዋል፣ ለስብከተ ወንጌል አይሆንም የሚለውን አካሄድ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት መክፈል ነው ስትል ተቃወመች። ረጂ የምናስተምረውን ሊወስንልን አይገባም የሚለው መንፈስ እንግዲህ በ2005 ዓ.ም. የተወለደ አልነበረም።

ይልቅ የበለጠ የሚያከራክረው ጥያቄ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ ወስናለች፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስም እ.ኤ.አ. በ2000 ተሾማለች። ታዲያ ጳውሎስ ሴቶች በጉባኤ ዝም ይበሉ ያለውን በአዲስ መልክ ካነበባችሁ፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ የጻፈውንስ ለምን በአዲስ መልክ አታነቡም? የምዕራቡ ወገን ሙግት ይህ ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በቁጣ ሊታለፍም አይገባም። የሴቶችን ሹመት ተቀብለው ሌላውን የሚቃወሙ የሥነ መለኮት ሰዎች የሚሰጡት መልስ ግን አለ። ስለ ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለት ድምፅ አለው ይላሉ፤ በአንድ በኩል ዝምታን የሚያዝዝ ቃል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዲቦራን የመሰለች ፈራጅ፣ ፌቤንን የመሰለች የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ የትንሣኤውን ዜና ቀድማ ያበሠረች መግደላዊት ማርያም። ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ግን ሁለተኛ ድምፅ አናገኝም ባይ ናቸው። በአንጻሩ ኦርቶዶክሳዊው ሊቅ ሁለቱንም በሮች ዝግ አድርጎ ስለሚይዝ ይህ ሙግት አይነካውም። በአንድ አገር፣ በአንድ ጉዳይ፣ አንድ ዓይነት መደምደሚያ ላይ የደረሱ አብያተ ክርስቲያናት የተጓዙበት መንገድ ይህን ያህል ይለያያል።

መደምደሚያው አንድ መሆኑ በአደባባይም ታይቷል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የሃይማኖት መሪዎች፣ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አባቶችን ጨምሮ፣ ሕገ መንግሥቱ ግብረ ሰዶምን በግልጽ እንዲከለክል ጠይቀዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩን እንደገና ያነሣው ደግሞ ከቫቲካን የወጣ ሰነድ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣውና «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተሰኘው ይህ ሰነድ ካህናት ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች፣ ከጋብቻ ሥርዓት ጋር በማይምታታ መንገድ፣ ቡራኬ መስጠት እንደሚችሉ ገለጸ። የጋብቻ ትምህርቱ አልተለወጠም ቢባልም፣ የአፍሪካና የማዳጋስካር የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ በጥር ወር እንዲህ ያለው ቡራኬ በአፍሪካ እንደማይፈጸም አስታወቀ። የካቲት ሳያልቅ የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚደረገውን የሥነ መለኮት ውይይት አቋረጠ። የእኛይቱም ቤተ ክርስቲያን ከኮፕት፣ ከሶርያ፣ ከአርመንና ከሕንድ አኃት አብያተ ክርስቲያናት ጋር የምትሳተፍበት ውይይት በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከሮም ወደ ካይሮ፣ ከካይሮም ወደ አዲስ አበባ የሚደርስ ነበር።

አንድ ነገር ግን መለየት ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን አንድን ድርጊት ኃጢአት ናት ስትል የምትናገረው ስለ ንስሐ ነው፤ መንግሥት ወንጀል ነው ሲል የሚናገረው ስለ እስር ነው። በኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ይቀጣል። በሌሎች አገሮች ግን ሁለቱን የሚለዩ አባቶች አሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ሮማዊው ፓፓ ፍራንሲስ የቡራኬው ሰነድ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ ኃጢአት ነው ነገር ግን ወንጀል መሆን የለበትም ብለው ነበር። በዚህ የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል። ማንም በገዛ ሥልጣኑ በሰው ላይ እጁን እንዲያነሣ የሚፈቅድ ግን ፍትሐ ነገሥቱም የወንጀል ሕጉም አይደለም።

ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ እንመለስ። በእነዚህ ወረዳዎች የጋብቻና የክህነት ጥያቄ በየዓመቱ በየቤቱ የሚነሣው በዲያቆኑ ሙሽራ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ ድንግል ታገባለህ ይለዋል። ይህን የሰማ ቤተሰብ ግን ድንግልናዋ እንዳያጠራጥር በሚል ስጋት ገና ልጅ የሆነችውን ይመርጣል። ዲያቆን ለልጁ መጣልኝ የሚል አባትም ክብሩን እንጂ ዕድሜዋን አይቆጥርም። ሥርዓቱ ያዘዘው ድንግልና ነው፤ ሕፃንነትን አላዘዘም። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በልማት ኮሚሽኗ በኩል ያለዕድሜ ጋብቻን ስትቃወም መቆየቷ ይህንኑ ያሳያል።

እንደ እኔ አስተያየት በአጥቢያችን ያሉ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባው ይህ ነው። ተክሊል የሚደፋባት ሙሽራ ፈቃዷን መናገር ካልቻለች፣ የማይፈታው ቃል ኪዳን በማን አፍ ተነገረ ይባላል? ጋብቻው ከፈረሰም የሚጎዱት ሁለት ናቸው፤ እርሷ ትምህርቷንና ጤናዋን ታጣለች፣ እርሱ ክህነቱን። የዘመናት የድጓ ድካሙ ከመቅደስ ውጭ ያስቀረዋል።

ሕጉ በበኩሉ ግልጽ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜ ተሽሮ፣ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ለሁለቱም ጾታዎች 18 ሆኗል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባን ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ለዲያቆን ሙሽራ ሲባል የተለየ ዕድሜ የሚያስቀምጥ አንቀጽ በሁለቱም ሕጎች ውስጥ የለም።